ሞተር ላይ የሚጨመር መብራት ለማን ይበራል?

የረመዳን ምሽት ሁለት የጥድፊያ ሰዓቶች አሉት። አንዱ ከመግሪብ አዛን በፊት ያለው ግማሽ ሰዓት ነው። ሱቁን የዘጋው፣ ሳምቡሳ የገዛው፣ የመጨረሻውን ተሳፋሪ አድርሶ የሚመለሰው፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይቸኩላል። ሌላው የተራዊሕ ሰላት ሲያበቃ ያለው ነው። ከመስጂዱ በር ሰው በአንድ ጊዜ ይፈስሳል። እግረኛው፣ ባጃጁ፣ ሞተሩና መኪናው በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ይገናኛሉ፤ በመካከላቸውም ሕፃናት ይሯሯጣሉ።

በእነዚህ ሰዓቶች ከተሽከርካሪዎች ሁሉ ለዓይን የሚሰወረው ሞተር ሳይክል ነው። ዛሬ በክልል ከተሞችም ሆነ በገጠር ቀበሌዎች ብዙ ቤተሰብ በሞተር እንጀራውን የሚያበስል ልጅ፣ ባል ወይም ወንድም አለው። ምግብና ዕቃ የሚያደርሱ ወጣቶችም ሥራቸው የሚደራው ሌላው ሰው ማዕድ ላይ ሊቀርብ ሲል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ዙሪያ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ዙሪያቸውን የሚከልላቸው ብረት የሌላቸው ማለት ነው።

አሁን አሁን ብዙ ወጣቶች ሞተራቸው ላይ ተጨማሪ መብራት ሲገጥሙ እናያለን። እንደ ጥብጣብ የሚለጠፍ ኤልኢዲ በሞተሩ ሆድ ሥር፣ በጎማው ዙሪያ፣ በታርጋው ጠርዝ ይዘረጋሉ። ሰማያዊ አለ፣ አረንጓዴ አለ፣ ቀለሙን እየለዋወጠ ብልጭ ድርግም የሚልም አለ። አባቶችና እናቶች «ይህ ነገር ጌጥ ብቻ ነው ወይስ ጥቅም አለው?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሱ የሚገኘው ግን ሌላ ጥያቄ በመጠየቅ ነው። መብራቱ የሚበራው ለማን ነው? ለባለሞተሩ ደስታ ብቻ ከሆነ ጌጥ ነው። በመንገድ መጋጠሚያ ላይ ቆሞ «ልለፍ ወይስ ልጠብቅ?» እያለ ለሚያስበው ሾፌር ከሆነ ግን ነፍስ ጠባቂ ነው። በቀለሙም፣ በቦታውም፣ በድምቀቱም ላይ የሚሰጠው ፍርድ ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ዓይን የሚያየው የደረሰውን ብርሃን ነው

በበስራ ተወልዶ በካይሮ የሠራው ኢብኑል ሀይሠም (965 – 1040 ገደማ፣ እ.ኤ.አ.) «ኪታቡል መናዚር» በተባለው ሥራው ስለ ማየት ብዙ የተመራመረ ሙስሊም ሊቅ ነው። ከእርሱ በፊት ከነበሩ የግሪክ ሊቃውንት አንዳንዶቹ ዓይን ጨረር እየላከ ነገሮችን ይዳስሳል ይሉ ነበር። እርሱ ግን ማየት የሚሆነው ብርሃን ከነገሩ ተነስቶ ወደ ዓይን ሲገባ መሆኑን በሙከራና በማስረጃ አስረዳ።

ይህ የአንድ ሺህ ዓመት ትምህርት ለዛሬው ሞተረኛ በቀጥታ ይሠራል። የሾፌሩ ዓይን ምንም ያህል ጤነኛ ቢሆን፣ ከሞተሩ ተነስቶ የሚደርሰው ብርሃን ከሌለ አያይም። አደጋ ከደረሰ በኋላ «አላየሁትም» የሚለው ሾፌር ሁልጊዜ ሰበብ የሚፈልግ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ይህም የሚሆንባቸው ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው የምሽታችን ጠባይ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ ብዙ አይቆይም። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ወገግታው አልቆ ይጨልማል። ዓይን ግን ለጨለማ ሙሉ በሙሉ ለመላመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። የኢፍጣሩ ጥድፊያ የሚውለው በዚሁ ዓይን ገና ባልለመደበት ሰዓት ላይ ነው። ተራዊሕ ሰግዶ ከደማቅ መስጂድ ወደ ጨለማ መንገድ የወጣ ሾፌርም እንዲሁ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚያየው ጥቂት ነው።

ሁለተኛው የሞተር መብራት አንድ መሆኑ ነው። መኪና ሁለት የፊት መብራት አለው። ወደ እኛ ሲቀርብ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋ ስለሚሄድ ዓይናችን ርቀቱንና ፍጥነቱን ይገምታል። አንድ ነጠላ መብራት ግን ነጥብ ነው። ነጥብ በጣም እስኪቀርብ ድረስ ያደገ አይመስልም። ስለዚህ ሾፌሩ መብራቱን እያየው እንኳን «ገና ሩቅ ነው» ብሎ ይታጠፋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። መኪናው ለመታጠፍ 4 ሰከንድ ቢወስድበት ሞተሩ 44 ሜትር መጥቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው የሞተሩ መብራት ከሌላ መብራት ጋር መቀላቀሉ ነው። ሞተሩ ከመኪና ፊት ሲሄድ ነጠላ ብርሃኑ ከኋላው ባለው መኪና ሁለት መብራት ውስጥ ይጠፋል። በረመዳን ደግሞ የሱቆችና የምግብ መሸጫዎች መብራት መንገዱን ዳርና ዳር ስለሚሞላው የበለጠ ይደበቃል።

አራተኛው ጎኑ ጨለማ መሆኑ ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ፊቱና ኋላው ይበራል፤ ጎኑ ግን ከትንሽ አንጸባራቂ በቀር ምንም የለውም። አቋርጦ ሲያልፍ ከጎን የሚመጣው ሾፌር የሚያየው የጥላ ቁራጭ ነው። ተጨማሪ መብራት ትልቁን ጥቅም የሚሰጠውም እዚህ ላይ ነው።

የት ይቀመጥ? በምን ቀለም?

ተጨማሪ መብራት ለሌላው ዓይን የሚላክ መልእክት ነው ካልን መልእክቱ ሦስት ነገሮችን ሊናገር ይገባል፤ «እዚህ አለሁ፣ ሞተር ነኝ፣ ወደዚህ እሄዳለሁ» የሚሉትን።

በፊት በኩል ነጭ ወይም ወደ ብርቱካን የሚያደላ ቢጫ ይሁን። ሁለት ትንንሽ መብራቶች የፊት ጎማውን በያዙት ሁለት እግሮች ላይ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ፣ ዝቅ ብለው ቢገጠሙ ከዋናው መብራት ጋር ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። ነጥብ የነበረው ነገር ቅርጽ አገኘ ማለት ነው። ሞተሩ ሲቀርብ ሦስት ማዕዘኑ ስለሚሰፋ ሾፌሩ ርቀቱን ለመገመት የሚይዘው ነገር ያገኛል። ቅርጹም ከመኪና ስለሚለይ ሞተር መሆኑን ያውቃል።

በጎን በኩል ያው ብርቱካንማው ቢጫ ይመረጣል። ጥብጣቡ ኤልኢዲ ከነዳጅ ታንከሩ ወይም ከቴላዮው ሥር፣ አምፖሉ ራሱ በማይታይበት ቦታ ይለጠፍ። ብርሃኑ ወደ ሞተሩና ወደ መሬት ሲወርድ ከጎን የሚመጣው ሰው የሞተሩን ርዝመት ከእነ ጥላው ያያል። ዓይን አይወጋም፣ መንገዱንም አያደምቅም፤ መኖሩን ብቻ ይናገራል።

በኋላ በኩል ቀይ ብቻ ይሁን። ደብዘዝ ብሎ ሳይቋረጥ የሚበራ መሆን አለበት። የፍሬን መብራት ሥራው «አሁን እየቆምኩ ነው» ማለት ነው፤ ይህንንም የሚናገረው ድንገት በመድመቅ ነው። ጌጡ ቀድሞ ደምቆ ከጠበቀው የፍሬኑ ቃል አይሰማም። ነጭ መብራት ወደ ኋላ ማድረግ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ የሚከተለው ሾፌር ፊት ለፊት የሚመጣ ይመስለዋል። በ1968 (እ.ኤ.አ.) በቪየና የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም ቀይ ወደ ፊት እንዳይበራ፣ ነጭም የኋላ ማርሽ መብራት ካልሆነ በስተቀር ወደ ኋላ እንዳይበራ ይደነግጋል። ዓለም የሚያውቀው ቋንቋ ይህ ነው። ባጃጅ ለሚነዱ ወንድሞችም ሕጉ ያው ነው፤ በተለይ የባጃጁ የኋላ ሁለት ጠርዞች የት እንደሚያበቁ የሚያሳይ ቀይ መብራት ብዙ ግጭት ይከላከላል።

ጌጥ ሲበዛ መልእክቱ ይጠፋል

ቀለም እየቀያየረ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ብዙ ሰው ያየዋል። ግን ምን ብሎ ይረዳዋል? ሰማያዊና ቀይ ብልጭታ የአምቡላንስ፣ የእሳት አደጋና የፖሊስ ምልክት ነው። መንገድ የሚለቅላቸው ሰው የሚለቀው ምልክቱን ስለሚያምን ነው። ያ እምነት በየሰፈሩ ከተበተነ፣ አንድ ቀን የታመመች እናት የጫነ አምቡላንስ ሲመጣ ዘወር የሚል ሰው ይጠፋል።

ብልጭታ ሌላም ጉዳት አለው። ፍሬቻ የሚነበበው ብልጭ ስለሚል ነው። ዙሪያው ሁሉ ብልጭ የሚል ሞተር ወደ ቀኝ ይታጠፍ ወደ ግራ ማንም አያውቅም። በሚጠፋና በሚበራ ብርሃን ርቀት መገመትም ለዓይን ከባድ ነው። ሳይቋረጥ የሚበራ ትንሽ መብራት ብዙ ከሚያንጸባርቅ ጌጥ ይሻላል።

ይህን ስል ወጣቶቻችን ሞተራቸውን ማሳመራቸው ይነቀፋል ማለቴ አይደለም። ሙስሊም በዘገቡት ሀዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ውበትን እንደሚወድ ነግረውናል። በዚያው ሀዲስ ኩራት ምን እንደሆነም ለይተዋል፤ እውነትን አለመቀበልና ሰውን መናቅ ነው። ስለዚህ ልኩ ግልጽ ነው። የሌላውን መብት የማይነካ ውበት ውበት ነው። በሞተሩ ሆድ ሥር ረጋ ብሎ የሚበራ ብርቱካንማ ብርሃን ያምራልም፣ ይጠብቃልም። ሁለቱን አንድ ላይ ማግኘት እየተቻለ ሰውን የሚያደናግረውን ለምን እንመርጣለን? ከመግጠም በፊትም የሚኖሩበትን ከተማ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ የተፈቀደውን ማወቅ ከቅጣትም ከጭቅጭቅም ያድናል።

ሽቦው ላይ የሚተኛው አደጋ

ቡኻሪ በዘገቡት ሀዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስንተኛ መብራት እንድናጠፋ አዘዋል። ምክንያቱንም ተናግረዋል፤ አይጥ የኩራዙን ክር ጎትታ ቤቱን ከነሰዎቹ ልታቃጥል ትችላለች። የዛሬው መብራት ክር የለውም፤ ሽቦ ግን አለው። ሽቦው የሚያልፈውም ከነዳጅ ታንከር ሥርና ከጋለ ማርሚታ አጠገብ ነው። ስለዚህ መብራት የጨመረ ሰው የእሳቱንም ነገር አብሮ ማሰብ አለበት።

መጀመሪያ የሞተሩን አቅም እንወቅ። የትንሽ ሞተር ኤሌክትሪክ 12 ቮልት ነው፤ የሚያመነጨውም ኃይል እንደ መኪና ብዙ አይደለም። በ1 ሜትር ላይ 60 ትንንሽ አምፖል ያለው ቀጭኑ ጥብጣብ በሜትር ወደ 5 ዋት ይወስዳል፤ ትልልቅ አምፖል ያለው ደማቁ ደግሞ በሜትር ወደ 14 ዋት። ለመታየት ቀጭኑ ይበቃል። 2 ሜትር ቢለጠፍ 10 ዋት ነው። 10 ዋት በ12 ቮልት ሲካፈል ከ1 አምፔር በታች ይሆናል። ለዚህ 2 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል።

ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ ይግባ እንጂ መብራቱ አጠገብ አይሁን። ሽቦው መንገድ ላይ ተፍቆ ከቴላዮው ጋር ቢነካካ ቀድሞ የሚቆረጠው ፊውዙ ነው፤ ፊውዝ ከሌለ የሚቃጠለው ሽቦው ራሱ ይሆናል። ሽቦው ከማርሚታ ይራቅ፤ መሪው ሲዞር እንዳይወጠር ልል ይተውለት፤ በጠንካራ ማሰሪያም በየቦታው ይያዝ። የተቀጠለበት ቦታ በፕላስተር ብቻ ከሚጠቀለል በብየዳ ተይዞ ውኃ በማያስገባ ሽፋን ቢሸፈን ለዓመታት ይቆያል።

ሁለተኛ፣ መብራቱ ከሞተሩ ቁልፍ ጋር አብሮ የሚጠፋ ይሁን። 5 አምፔር-ሰዓት ያለው ባትሪ 10 ዋት መብራት ያለማቋረጥ ቢጎትተው በ6 ሰዓት ገደማ ባዶ ይሆናል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ለተራዊሕ ያቆመው ሰው መብራቱን ረስቶ ቢገባ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ለሱሁር ሲነሳ በባትሪው ሞተር ማስነሳት ቀርቶ የፊት መብራት ማብራትም አይችልም።

ሦስተኛ፣ ከየት እንደሚቀጠል ይታወቅ። በአንዳንድ አሮጌ ትንንሽ ሞተሮች የፊት መብራቱ ኃይል የሚያገኘው ከባትሪው ሳይሆን ከሚሽከረከረው ማመንጫ በቀጥታ ነው። ነዳጅ ሲሰጥ የሚደምቅ፣ ሲለቀቅ የሚደበዝዝ ከሆነ ምልክቱ ያ ነው። ኤልኢዲውን ከዚያ ሽቦ ላይ መቀጠል መብራቱን ያርገበግበዋል፤ ቶሎም ያቃጥለዋል። ከባትሪው በፊውዝና በቁልፍ በኩል የመጣ መስመር ይጠቀሙ። ጥብጣቡ ሲገዛም «አይፒ 67» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ይፈልጉ። 6ቱ አቧራ እንደማያስገባ፣ 7ቱ ለግማሽ ሰዓት እስከ 1 ሜትር ጥልቀት ውኃ ውስጥ ቢገባ እንደሚችል ይናገራል። የእኛ አቧራና የእኛ ክረምት ከዚህ ያነሰውን አይምርም። ሥራውን የማያውቅ ሰው በግምት ከሚነካካው ለመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ቢሰጠው ይሻላል።

ባትሪ የማይበላው ብርሃን

ኤልኢዲ ለመግጠም አቅም የሌለው ወንድም ያለ ጥበቃ አይቀርም። አንጸባራቂ ጥብጣብ አለ። ይህ ጥብጣብ የመጣበትን ብርሃን መልሶ ወደመጣበት ይልካል። የመኪናው መብራት ሲያርፍበት ወደ ሾፌሩ ዓይን ይመለሳል። ሽቦ የለውም፣ ባትሪ አይፈልግም፣ ለዒድ ከሚገዛ ልብስ ያነሰ ዋጋ ያወጣል። በቸርኬው ጠርዝ ዙሪያ ሲለጠፍ ጎማው ሲዞር አብሮ ስለሚዞር ዓይን ይስባል። በኋላ ፓራፋንጎው ላይ፣ ዕቃ በሚጫንበት ሣጥን አራት ጎን ላይና በሄልሜቱ ጀርባ ላይ ቢለጠፍም ጥሩ ነው። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ ብርሃን ካልመታው አይናገርም። ከጎን ለሚመጣው ሾፌር መብራቱ እስኪዞርበት ድረስ ዝም ይላል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ኤልኢዲውና አንጸባራቂው ጎን ለጎን ይሁኑ።

በኒው ዚላንድ ኦክላንድ አካባቢ በሞተረኞች ላይ ተጠንቶ በ2004 (እ.ኤ.አ.) በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት አለ። አንጸባራቂ ወይም ደማቅ ልብስ የለበሱ ሞተረኞች ካልለበሱት ይልቅ ለጉዳት ወይም ለሞት የሚያደርስ አደጋ የመግጠማቸው ዕድል በ37 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ነጭ ሄልሜት ያደረጉትም ጥቁር ካደረጉት በ24 በመቶ፣ ቀን ቀን የፊት መብራታቸውን ያበሩት ካላበሩት በ27 በመቶ የተሻለ ሁኔታ ላይ ነበሩ። የሞተሩን መብራት በቀን ማብራት ጥቅም እንዳለው በብዙ አገር ታምኖበታል። ሕንድ ከኤፕሪል 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአገሯ የሚሸጡ አዳዲስ ሞተሮች ሲነሱ መብራታቸው አብሮ እንዲበራ አስገድዳለች። መንገዶቻችን ላይ የሕንድ ሥሪት ሞተሮችን በብዛት ስለምናይ ቀን ቀን መብራቱ በርቶ ሲሄድ «ረስቶት ነው» ብለን ሁሉንም አጥፋ አንበለው።

ይህ ትምህርት ለእግረኛውም ይሆናል። ጥቁር ዓባያ ለብሰው ለተራዊሕ የሚወጡ እናቶችና እህቶች በቦርሳቸው ወይም በክንዳቸው ላይ አንድ አንጸባራቂ ቁራጭ ቢያደርጉ፣ የልጆች ቦርሳ ላይም ቢለጠፍ፣ ሞተረኛውም እነርሱን ያያል። መተያየት የሁለት ወገን ነገር ነው።

የራስን ብርሃን በሌላው ዓይን ላይ አለማፍሰስ

«እንድታይ ብዬ» በሚል ሰበብ ትልቅ ፓውዛ ፊት ለፊት መግጠም ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። ዓይኑ የተመታ ሾፌር ለጥቂት ሰከንድ ምንም አያይም፤ እግረኛውንም፣ ጉድጓዱንም፣ ባለ ፓውዛውንም ጭምር። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሀዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የመንገድ ሐቅ ብለው ከቆጠሯቸው አንዱ ጉዳትን ከሰው ላይ መከልከል ነው። ሰው ዓይን ላይ ብርሃን ማፍሰስ ከጉዳት ይቆጠራል።

የፊት መብራት ልክ በቤት ሊታይ ይችላል። ሞተሩን ከግድግዳ 5 ሜትር አርቃችሁ በተስተካከለ መሬት ላይ አቁሙ። ነጂው ይቀመጥበት። የመብራቱ መሐል ከመሬት ያለውን ከፍታ ለኩና ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ። አጭሩ መብራት ሲበራ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከምልክቱ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ የሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። ከኋላ ሰው ወይም ከባድ ዕቃ ሲጫን የሞተሩ አፍንጫ ቀና ስለሚል በልክ የነበረውም ይበላሻል። ሦስት ሆኖ መጫን ለሚዛን ብቻ ሳይሆን ለመብራትም ጠንቅ ነው። ደግሞም የመብራቱን መስታወት መጥረግ አይዘንጋ። በአቧራና በጭቃ የተሸፈነ መብራት ግማሽ ኃይሉን ለጭቃው ይሰጣል።

መብራት የማይፈታው ጥድፊያ

መብራት ሁሉ ተሟልቶ ፍጥነቱ ካልተገራ ትርፉ ጥቂት ነው። በረመዳን የሚያጣድፈን ነገር መልካም ስለሆነ ጥድፊያውም መልካም ይመስለናል። ኢፍጣርን አለማዘግየት የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱንና መሆኑ እርግጥ ነው። ሱንናው የሚፈጸመው ግን በተምር ነው፤ ተምር ከታጣ በውኃ። ማዕድ ዙሪያ መድረስ ግዴታ አይደለም። ሦስት ፍሬ ተምርና አንዲት ጠርሙስ ውኃ በኪሱ የያዘ ሞተረኛ አዛን ሲሰማ ከመንገድ ወጥቶ፣ ቆሞ፣ በእርጋታ ያፈጥራል። ሱንናውንም አገኘ፣ ነፍሱንም ጠበቀ።

ለሰላትም እንዲሁ ነው። በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ ኢቃማ ስንሰማ እንኳን በእርጋታ እንድንሄድ፣ እንዳንሮጥ፣ የደረስንበትን ሰግደን ያመለጠንን እንድንሞላ ታዘናል። በእግር መሮጥ ከተከለከለ፣ በሞተር በሰው መካከል መብረር እንዴት ይሆናል? አል-በቀራህ ምዕራፍ፣ አንቀጽ 195 ላይም ራሳችንን በእጃችን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ተከልክለናል። ምግብ ያዘዝን ቤተሰቦችም ድርሻ አለን። ሊፈጠር አሥር ደቂቃ ሲቀረው አዝዞ «ለምን ዘገየህ?» ብሎ መደወል፣ ያ ወጣት ነዳጁን እንዲጨምር ማዘዝ ነው። ቀደም ብለን እንዘዝ፤ እርሱም ጾመኛ መሆኑን አንርሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ተምር የዘረጋንለት እንደሆነ ደግሞ ጾመኛን የማስፈጠር ምንዳ በደጃችን መጣ ማለት ነው።

ለቤተሰብ የአንድ ምሽት ሥራ

ቤታችሁ ውስጥ ሞተር ካለ ከነዚህ ምሽቶች በአንዱ፣ ከኢፍጣር በኋላ ወደ ተራዊሕ ከመሄዳችሁ በፊት ሩብ ሰዓት ስጡት። ተሽከርካሪ በማያልፍበት ግቢ ወይም ጭር ያለ ቦታ ሞተሩን አቁማችሁ 50 እርምጃ ራቁ። ይህ ርቀት ወደ 35 ሜትር ነው፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በ3 ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። ከዚያ ቆማችሁ ከፊት እዩት፣ ከኋላ እዩት፣ ከሁለቱም ጎን እዩት። ልጆቹን ጠይቁ፤ የሕፃን ዓይን አያስተውልም አይባልም። «ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ? ፍሬቻው ይለያል? ፍሬኑ ሲያዝ ታየ?» በሉ። ከጎን ሲታይ ጨለማ ከሆነ የጎደለው ምን እንደሆነ ታወቀ። ዓይናችሁን ከወጋው ደግሞ የበዛው ምን እንደሆነ ታወቀ።

ለዒድ ልብስ ስትገዙ ለሞተረኛው ልጃችሁ ወይም ባለቤታችሁ አንድ ጥቅል አንጸባራቂ ጥብጣብ ጨምሩ። የመስጂድ ኮሚቴዎችም ከተራዊሕ በኋላ ሞተሮች የሚወጡበትን በር ከሴቶችና ከሕፃናት መውጫ ቢለዩ፣ በሩ ላይ አንድ መብራት ቢያበሩ ትልቅ ሥራ ነው። ከመንገድ ላይ ሰውን የሚጎዳ ነገር ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ሙስሊም ዘግበዋል። እንቅፋት ሲባል ድንጋይና እሾህ ብቻ አይምሰለን። በጨለማ ሳይታይ የሚሄድ ሞተርም እንቅፋት ነው፤ ለነጂውም ለሌላውም። እርሱን በሁለት ሜትር ብርሃን ከመንገዳችን ማንሳት ይቻላል።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ የወጡትንም በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስልን። አሚን።